ማስተካከያ፦ መርሶ የተከሰሰው ባለማልቀሱ አይደለም

በባሕር ዳር አንባቢዎች ዘንድ ስለ አንድ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ስለ መርሶ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ «መርሶ በእናቱ ቀብር ስላላለቀሰ ተከሶ ሞት ተፈረደበት» ይላል። ስህተት ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአልበር ካሙን ልብ ወለድ «ሌትራንዤ» ራሱን ገልጦ ማየት ይበቃል።

ክሱ ነፍስ ማጥፋት ነው። አልጄሪያ ውስጥ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ መርሶ አንድ ዓረብ በሽጉጥ መታ፤ ቆም ብሎ አራት ጥይት ደገመው። ዐቃቤ ሕጉ ግን ሲጋራውንና በወተት የጠጣውን ቡና ሳይቀር እያነሳ የቀብሩን ነገር የልቡ ድርቀት ማስረጃ አደረገው። ግራ መጋባቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ጣና ዳር ስንወያይ ክርክሩ ሁሉ «እናቱን ያላለቀሰ ሰው ነው?» ላይ ቀረ፤ እኛ ጋ ለቅሶ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ሟቹ ተረሳ። መጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የለውም። መርሶ ጭራሽ ስሜት የለውም የሚለውም አያስኬድም፤ መጨረሻ ላይ እስር ቤት የመጣውን ቄስ አንገትጌውን ይዞ ይጮኽበታል።