ሰኔ ላይ የሚቆፈር ቦይ

የቀበሌያችን የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ለሕዝብ መቅረቡ መልካም ነው፤ የመታወቂያ አገልግሎቱ መፍጠኑንም አይቻለሁ። የውኃ ማፋሰሻ ቦዩ ተጠናቋል መባሉ ግን አልዋጥ ብሎኛል። ቁፋሮው የተጀመረው ሰኔ ላይ፣ በጀቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ክዳን ያልተደረገለት ቦይ በሐምሌ ዝናብ አፈር ተንዶበት ተደፈነ፤ ጎርፉ መንገዱን ይዞ የኮብልስቶኑን ጠርዝ እየነቀለው ነው። ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ሰኔ እንደሚገባ የማያውቅ አለ? ታጥቦ የሚወርደው ቆሻሻስ መድረሻው ጣና አይደለም? እምቦጭ የሚፋፋው በዚሁ ነው። (ለነቀላው ዘመቻ ሲሆን ግን የሚጠራን አይጠፋም!) የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ግዥው በክረምቱ ይጠናቀቅ፤ ቁፋሮው ጥቅምት ላይ ይጀመር። ከነዋሪው የተሰበሰበው መዋጮም ወጪው ተዘርዝሮ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍልን።