እርማት፦ የኤቤት እውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለፕሮግራሙ ነው

ኤቤት (ABET) የምህንድስናና የተዛማጅ ዘርፎችን የዲግሪ ፕሮግራሞች ገምግሞ እውቅና የሚሰጥ የአሜሪካ ድርጅት ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው ምህንድስና ሊማሩ ለተዘጋጁ ወላጆች «ዩኒቨርሲቲው የኤቤት እውቅና ካለው፣ ልጁ የትኛውንም የምህንድስና ዘርፍ ቢመርጥ ልዩነት የለውም» የሚል ምክር በአስተያየቶች ላይ በተደጋጋሚ ሲሰጥ ተመልክቻለሁ። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም።

ኤቤት እውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የዲግሪ ፕሮግራም እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለትምህርት ክፍል አይደለም። በመሆኑም በአንድ ግቢ ውስጥ የሲቪል ምህንድስናው እውቅና ኖሮት፣ በቅርቡ የተከፈተ ሌላ የምህንድስና ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል፤ አዲስ ፕሮግራም ተማሪ ከማስመረቁ በፊት እውቅናውን አያገኝምና።

ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ከምረቃ በኋላ ነው። የመሐንዲስነት የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት የየክፍለ ግዛቱ ቦርዶች ሲሆኑ፣ እውቅና ከሌለው ፕሮግራም የተመረቀን ሰው ብዙዎቹ ተጨማሪ የሥራ ልምድ ወይም የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ይጠይቁታል፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይቀበሉትም። ድልድይ፣ ሕንፃ ወይም የውኃ መስመር ነድፎ በፊርማው ማጽደቅ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ግን ለሥራው ፈቃድ ስለማይጠየቅ ጉዳዩ ያን ያህል አያሳስብም።

ለማጣራት በኤቤት ድረ ገጽ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ፈልጋችሁ፣ የዲግሪውን ሙሉ ስያሜና ግቢውን ከማመልከቻው ጋር ቃል በቃል አስተያዩ። እውቅናውን የሰጠው የኤቤት የምህንድስና ኮሚሽን ይሁን ወይስ የምህንድስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽኑ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ በርካታ ቦርዶች ሁለቱን እኩል ስለማያዩዋቸው፣ ልጃችሁ ሊሠራበት ያሰበበትን ክፍለ ግዛት ደንብ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት አንብቡ።