ዋልያን አይተኸዋል?

ዋርሶ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው መስከረም የተጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፖላንድ ውስጥ፣ ከቤላሩስ ድንበር ጥግ ቢያዎቪዬዣ የምትባል የገጠር ወረዳ አለች። የምትታወቀው በጥንታዊ ደኗ ነው። ጥብቅ ወደሆነው ክፍል ያለ አስጎብኚ አይገባም። የኛ አስጎብኚ በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ ሴት ነበሩ።

መንገዱ ዳር አንድ ግዙፍ የኦክ ዛፍ ተጋድሟል። ቅርፊቱ ረግፏል፤ ጎኑ ላይ እንጉዳይ ተደርድሯል፤ በራሱ ግንድ ላይ ቡቃያ በቅሏል። አንዲት ደረቅ ቅርንጫፍ ላነሳ ስል «ተዋት ልጄ» አሉኝ። ለኛ እኮ የወደቀ ዛፍ ማገዶ ነው! እዚያ ግን ባለበት ይበሰብሳል። ጥንዚዛ ይበላዋል፤ ግንደ ቆርቁር ጥንዚዛውን ይለቅማል። በርግጥ እነሱም ሁሌ እንዲህ አልነበሩም። በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መንግሥታቸው ደኑን በብዛት ሲያስቆርጥ ሕዝቡ ጮኸ፤ በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው አለ። ማገዶ ተሸክማ ያሳደገችኝን እናቴን ግን አልወቅስም። ምን ምርጫ ነበራት?

ሲነጋጋ ዡብር የሚሉትን የአውሮፓ ባይሰን አየን። ጎሽ የሚያክል፣ ጠጉራም፣ ከአፍንጫው እንፋሎት የሚወጣ። ቆሞ አየን፣ አየነው። በዚህ ደን የመጨረሻው የዱር ዡብር በ1919 ተገድሎ ነበር። በየአራዊት ማቆያው የተረፉትን ፈልገው በ1929 ማራባት ጀመሩ፤ በ1952 ወደ ጫካው መልሰው ለቀቁ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ዡብር ሁሉ የ12 እንስሳት ዘር ነው። አሥራ ሁለት ብቻ!

ሴትዮዋ ያኔ ዞር ብለው «እናንተስ ዋልያ አላችሁ፤ አይተኸዋል?» አሉኝ።

አላየሁም። ጎንደር ሦስት ጊዜ ሄጄ የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችውን ደባርቅን አልረገጥኩም። ዋልያን የማውቀው በብሔራዊ ቡድናችን ቅጽል ስም ነው። ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1978 ነው፤ ከዚህ ደን አንድ ዓመት ቀድሞ! ከ1996 እስከ 2017 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ነበር። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ እንስሳ ይዘን፣ ስንቶቻችን ነን ሄደን ያየነው? ስንቶቻችንስ ስንት ቀረ ብለን እንጠይቃለን?

ሴትዮዋ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ወንድ ዋልያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ። ራሳቸው ያነሱት ነው። ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አጎላሁት፤ ቶሎም አልመለስኩላቸው።