«ኦር» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ሎጂክ መማር የጀመረ ሰው ቤታችሁ ካለ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በእንግሊዝኛ «መስኮቱን ልክፈተው ወይስ እንደተዘጋ ይቆይ?» ስትሉት ቀና እንኳ ሳይል «የስ» ይላችኋል። ተሳስቷል ማለት አትችሉም። ከሁለቱ አንዱ መሆኑ አይቀርምና «እውነት ነው» ብሎ አጽድቆላችኋል። በአማርኛ እንዲህ ያለው ተንኮል እምብዛም አይሠራም፤ ለጥያቄው «ወይስ»፣ ለሌላው «ወይም» ስላለን ጠያቂው ምርጫ እያቀረበ መሆኑ ከቃሉ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም ያላት አንዲት «ኦር» ናት፤ በዚያችው ትጠይቃለች፣ በዚያችው ታስፈራራለች፣ በዚያችው ትፈቅዳለች።

ሰውዬውን እንዲህ ያደረገው የቤት ሥራ ነው። በትምህርቱ መጀመሪያ አካባቢ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡትና «ወደ ምልክት መልሳቸው» ይባላል። ሲያዩት የልጅ ሥራ ነው። ለ«እና»፣ ለ«ወይም»፣ ለ«ከሆነ» እና ለ«አይደለም» አንዳንድ ምልክት አለ። በዚያ ላይ ፊቷን ያዞረች ኢ አለች፤ «ቢያንስ አንድ አለ» ማለት ናት፣ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ፒያኖ ነው ያመጣት። ጀርመናዊው ጌንትሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 በአናቷ የቆመች ኤ ጨመረ፤ እሷ «ሁሉም» ናት። አንዷ ፊቷን ማዞሯ፣ ሌላዋ በአናቷ መቆሟ እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ቀድመው ያነበቡ ይመስላሉ።

ሽጉጥ የደገነ ዘራፊ «ገንዘብህን ወይም ሕይወትህን!» ይላል። በሎጂክ መማሪያዎች «ወይም» ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ማለት ነው፤ ሁለቱም ቢሆኑ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ስለዚህ ዘራፊው ገንዘቡንም ሕይወቱንም ወስዶ ቢሄድ፣ ሌላ ሌላው ኃጢአቱ እንዳለ ሆኖ፣ ውሸታም ግን አይባልም። የሚገርመው የተዘራፊው እምነት ነው። የማያውቀውን፣ ያውም ሽጉጥ የያዘ ሰው፣ «አንዱን ብቻ ማለቱ ነው» ብሎ አምኖ የኪስ ቦርሳውን ያስረክባል። ነገሩ ለባለሙያዎቹም ቀላል አልነበረም። ሎጂክን በአልጀብራ የጻፈው ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 «ወይም»ን በመደመር ሲጽፍ መደመርን የፈቀደው ሁለቱ ወገኖች የጋራ አባል ከሌላቸው ብቻ ነበር፤ ጄቮንስ የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ተከራከረው። የዛሬ መማሪያዎች ከጄቮንስ ጋር ናቸው። ዘራፊዎች ከማን ጋር እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

«ከሆነ» የምትባለው «ኢፍ» ደግሞ የባሰች ናት። «ሣሩን ካጨድህ አምስት ዶላር እሰጥሃለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጋይስና ዝዊኪ የተባሉ የቋንቋ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1971 አንሥተውት ነበር። ይህን የሰማ ልጅ ሁሉ፣ ካላጨደ አምስት ዶላር እንደሌለ ይገባዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ይህን አላለም። ስላለማጨድ ትንፍሽ አላለም። ምሁራኑ ይህን ተጨማሪ ድምዳሜ «የተጋበዘ» አሉት፤ ተናጋሪው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል፣ ሰሚው ራሱ ይገባል። አሁን የእውነት ሰንጠረዥ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገር መቼ እውነት መቼ ሐሰት እንደሚሆን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ የተማረ ልጅ አስቡ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ ማታ እጁን ዘርግቶ ይመጣል።

«አላጨድህም እኮ!»

«አላጨድኩም፣ አባዬ። መነሻው ሐሰት ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ብትሰጠኝም ቃልህን አላጠፍህም።»

አባትየው «ካጨድህ ብቻ ማለቴ ነው» ብሎ ላርም ቢል ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል። «ኦንሊ ኢፍ» ሣሩ ካልታጨደ ገንዘብ የለም ትላለች እንጂ ከታጨደ ገንዘብ አለ አትልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሣሩን አጭዶ፣ አባትየው ሳይከፍል፣ በሎጂክ ማንም ማንንም ሳይበድል ተኮራርፈው ያድራሉ። አባትየው የፈለገው ሁለቱን አንድ ላይ ነበር፤ ለዚያ የሎጂክ ሰዎች «ኢፍ ኤንድ ኦንሊ ኢፍ»፣ ከሆነና ከሆነ ብቻ፣ የሚል ሐረግ አላቸው። እሱን ቤት ውስጥ የሚናገር አባት ደግሞ ገና አላየሁም።

የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1956 ያነሣት ዓረፍተ ነገር ከዚህም ትብሳለች፦ «ከፈለግህ መደርደሪያው ላይ ብስኩት አለ።» በሎጂክ እንዲህ ያለውን ነገር ገልብጦ ማንበብ ይቻላል፦ መደርደሪያው ላይ ብስኩት ከሌለ አልፈለግህም። የእንግዳው ፍላጎት በባለቤቱ መደርደሪያ ይወሰናል ማለት ነው። ስንቱ ጋባዥ የሚመኘው ነገር!

እንግሊዝኛ ዝርክርክ ናት ብለው የሚያሟት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ተናጋሪው ብዙውን ነገር ሳይወስን የሚናገረው መወሰን ስላላስፈለገው ነው፤ ሰሚው ይሞላለታል። ወደ ምልክት የሚመልሰው ምስኪን ግን ባዶ ቦታ መተው አይፈቀድለትም። ሁለት ሰዎች ተከባብረው ያለፉትን ነገር እሱ «የትኛውን ነው?» ብሎ ይቀሰቅሰዋል። የሎጂክ ተማሪ ሁለተኛ የማይጋበዘው ስለተሳሳተ አይደለም።

ለንደን፣ የምድር ባቡሩ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ላይ፣ የታወቀ ማሳሰቢያ አለ፦ «ዶግስ መስት ቢ ካሪድ»፤ ውሻ መታቀፍ አለበት። የሎጂክ ተማሪያችን ደረጃው ሥር ይቆማል። ውሻ የለውም። «ጫማ መደረግ አለበት» የሚል ቢሆን ኖሮ ጫማ የሌለው አይወጣም ማለት ነበር፤ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ደግሞ አንድ ነው። እና ውሻ ያልታቀፈም አይወጣም? ደብተሩን አውጥቶ ሁለቱንም ይጽፋል። አንደኛው፦ ማንኛውም ነገር ውሻ ከሆነና ደረጃው ላይ ካለ ይታቀፋል። ሁለተኛው፦ ማንኛውም ሰው ደረጃው ላይ ካለ፣ እሱ ያቀፈው ቢያንስ አንድ ውሻ አለ። ሁለቱም ሰዋስዉ የሚፈቅዳቸው ናቸው። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል። አንዲት ሴትዮ ትንሽ ውሻቸውን አቅፈው ገፋ አድርገውት ሊያልፉ ሲሉ፣ ሁለት ሰው አንድ ውሻ ተጋርቶ ማቀፍ ይችል እንደሆነ በትሕትና ይጠይቃቸዋል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ በሁለተኛው አጻጻፍ ይቻላል።

የፊደሎቹ ቅደም ተከተልም ሰው ያሳስታል። «በየደቂቃው አንዲት ሴት ትወልዳለች፤ ይህችን ሴት ፈልገን ማስቆም አለብን» የሚል የቆየ ቀልድ አለ። «ለሁሉም ደቂቃ አንዲት ሴት አለች» እና «አንዲት ሴት አለች፣ በሁሉም ደቂቃ» የሚለያዩት በአናቷ የቆመችውና ፊቷን ያዞረችው ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው።

ግራይስ የተባለው ፈላስፋ ያልተባለውን ነገር ሳይቀር ሒሳብ ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ተማሪ ለፍልስፍና ሥራ ያመለክታል፤ መምህሩ ይጽፍለታል፦ የእንግሊዝኛ ችሎታው እጅግ ጥሩ ነው፣ ከክፍልም አይቀርም። በቃ። ደብዳቤው ላይ አንድም ክፉ ቃል የለም፤ ወደ ምልክት ብትመልሱት ሁለት ምስጋና በ«እና» ተያይዞ ታገኛላችሁ፣ ሁለቱም እውነት። ልጁ ግን ሥራውን አያገኝም፤ ፍልስፍና እንደማይችል አንባቢው ሁሉ ገብቶታል። ሐሜትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። «አዲሱ አለቃችሁ እንዴት ነው?» ሲባል «ጫማው ንጹሕ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው በስም ማጥፋት ቢከሰስ በነጻ ይለቀቃል።

ክስ ከተነሣ፣ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ? አሜሪካ፣ ሜን ግዛት ውስጥ ከኮማ ተፈርዷል። የግዛቲቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ተብሎም፣ «ለማጓጓዝ ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል» ተብሎም የሚነበብ ሐረግ ነበረበት፤ ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም። የአንድ ወተት ኩባንያ ሾፌሮች ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም፤ በመጀመሪያው ንባብ ክፍያው ይገባቸዋል፣ በሁለተኛው አይገባቸውም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ፣ በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ቅንፉን የት ላድርግ እያለ በሚጨነቅ ተማሪ የሚሥቅ ሰው ይህን ሒሳብ ይመልከት።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰዎች በተከራከሩ ቁጥር ብዕር አንሥተው «እናስላ» የሚባባሉበት ቋንቋ ይሠራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የተኳረፉ ባልና ሚስት እንደ ምክሩ ወረቀት ዘርግተው ሲቀመጡ ይታየኛል። ባል «አይም ፋይን»፣ ደህና ነኝ፣ ብሏል። ሚስት አንዲት ፊደል ጽፋ ጎኗ «እውነት» ትላለች። ስሌቱ ያለ እንከን ይወጣል፤ ኩርፊያው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ምልክቱ ፊደሉን እንጂ ድምፁን አልጻፈማ።

የብስኩቱ ሰው ኦስቲን አንድ ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ፣ ሁለት አሉታ አዎንታ የሚሆንባቸው ቋንቋዎች ቢኖሩም ሁለት አዎንታ አሉታ የሚሆንበት ቋንቋ የለም ማለቱ ይነገራል። ከተቀመጡት መካከል ሲድኒ ሞርገንቤሰር የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፈላስፋ «ዬ፣ ዬ» አለ ይባላል፤ አዎ፣ አዎ። በእውነት ሰንጠረዡ ላይ አዎ እና አዎ እስካሁን አዎ ነው።