ለስታምፕ ዲዩቲ ቅናሽ ተሯሯጮች የቀረበ ምስጋና

እኔ እንደ እንግሊዝ አገር ቤት ገዢ የማደንቀው ፍጡር የለም፣ በተለይ ስታምፕ ዲዩቲ በሚባለው የቤት መግዣ ታክስ ላይ ቅናሽ ሲታወጅለት። በ2020 ጁላይ 8 ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ሪሺ ሱናክ ብድግ ብሎ «ከ125 ሺህ ፓውንድ በላይ የምትከፍሉት ስታምፕ ዲዩቲ እስከ 500 ሺህ ድረስ ቀርቷል፣ ግን እስከ ማርች 31 ብቻ» አለ። እሱ «ብቻ» ባይል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ልግዛ አልግዛ ሲል የከረመ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቆረጠ።

ሂሳቡ ደሞ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። የ500 ሺህ ቤት የሚገዛ 15 ሺህ ይተርፈዋል። ስለዚህ ምን አደረገ፣ ኤጀንቱ ደውሎ «ሌላ ሰውም ፈልጎታል» ሲለው 20 ሺህ ጨመረ። 15 ሺህ ለመንግስት ከመክፈል 20 ሺህ ለሻጩ መስጠት ይሻላላ! ሻጩ ቢያንስ ያመሰግናል። በጁን 2021 የቤት ዋጋ ኔሽንዋይድ በሚባለው የቤት አበዳሪ ስሌት በዓመት ውስጥ 13.4 ከመቶ ዘሎ ነበር። (ሁሉም በታክሱ ነው አልልም፣ ወለድም ርካሽ ነበር፣ በኮቪድ ቤት ተዘግቶበት የከረመ ሰው ሁሉም ጓሮ አምሮት ነበር።)

ግን ዘውድ የሚገባው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ልጅ ነው። እሱ እስከ 300 ሺህ ድረስ ከ2017 ጀምሮ ድሮውንም አይከፍልም። የ300 ሺህ ፍላት ሲገዛ ከዚህ ሁሉ ድግስ የሚደርሰው ዜሮ ፓውንድ ነው። እሱም ሮጠ! ሊያከራይ የሚገዛውም እዛው ፍላት በር ላይ ተሰልፎ ጠበቀው፣ ያኔ ለሁለተኛ ቤት ይጨመርበት የነበረው 3 ከመቶ ባይቀርለትም ሌላው ቅናሽ ደርሶታልና። ባዶ እጁን ድግስ ገብቶ ከባለ ጸጋ ጋር ሲጫረት የሚያድር እንግዳ፣ ይሄ ጨዋነት ነው።

ከዛ ወረቀቱ መሃል የገቡት አሉ፣ ለነሱ ቆሜ ነው የማጨበጭበው። ታክሱ የሚቆጠረው ዋጋ በተስማማህበት ቀን አይደለም፣ ሞርጌጅ በተፈቀደልህም ቀን አይደለም፣ ባብዛኛው ቁልፍ በምትረከብበት ቀን ነው። አንተ ደሞ ሰንሰለት ውስጥ ነህ፣ የምትገዛው ቤት ባለቤት ሌላ ቤት እየገዛ ነው፣ የዛኛውም ባለቤት እንደዛው፣ ታች ያለችው ሴትዮ የካውንስል ሰርች (ስለ ቤቱ ከአካባቢው አስተዳደር የሚጠየቀው መረጃ) አልደረሰላትም ተብሎ አምስት ቤተሰብ እቃውን ካርቶን ውስጥ ከቶ በአንድ ድስት እየቀቀለ ይጠብቃል። ሶሊሲተሩ (የቤት ግዢውን የሚጨርስልህ ጠበቃ) ጋ ስትደውል «እንጥራለን፣ ዋስትና ግን አንሰጥም» የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ ቃል በቃል ያው ኢሜይል በየሳምንቱ። ውል እስክትለዋወጡ ድረስ ማንም «ተውኩት» ብሎ መውጣት ይችላል፣ ለቤቱ ምርመራና ለሰርች የከፈልከው ግን አይመለስም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን የሚለቀም የለም።

መንግስት አዛኝ ነው፣ በ2021 ማርች 3 ላይ ቀኑን ወደ ጁን 30 ገፋው። እልል ተባለ፣ ምጡ ሦስት ወር ተጨመረለት። ጁን 30 ረቡዕ ዕለት ቁልፍ የተቀበለ የ500 ሺህ ገዢ ታክሱ ዜሮ፣ ሐሙስ የተቀበለ 12,500 (ቅናሹ ባንዴ ሙሉ በሙሉ ስላልጠፋ ነው 15 ሺህ ያልሆነው)። ይህችን ሌሊት ያወቀ ብልጥ ገዢ ደሞ በመጨረሻው ሳምንት ሻጩን «10 ሺህ ቀንስ ወይ እወጣለሁ» ይለዋል፣ ሻጩም እሱ ሊገዛ ያለው ቤት እንዳያመልጠው ጥርሱን ነክሶ ይቀንሳል። ፍቅር በፍቅር ነው ሰፈሩ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ትምህርት ተወሰደ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ሴፕቴምበር 2022 ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ክዋሲ ክዋርቴንግ ታክሱ የሚጀምርበትን ዋጋ ወደ 250 ሺህ፣ ለጀማሪ ገዢ ደሞ ወደ 425 ሺህ ከፍ አደረገው፣ እሱ በሳምንታት ውስጥ ከስልጣኑ ተባረረ፣ ቅናሹ ግን ተረፈ፣ ቀጥሎ የመጣው ጄረሚ ሀንት ማብቂያ ቀን ቆረጠለት፣ ማርች 31 ቀን 2025። ሰኞ ነበር። ጀማሪ ገዢ በ425 ሺህ ቤት ያን ዕለት ዜሮ፣ በማግስቱ 6,250፣ እና ያው ሩጫ፣ ያው ካርቶን፣ ያው «እንጥራለን»።

አሁን «ሌላ ቅናሽ እስኪታወጅ አልገዛም» ብሎ የሚጠብቅ ወዳጅ አለኝ። እስከዛው ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል፣ አከራዩም በዛ ኪራይ ለሚቀጥለው ቅናሽ ዲፖዚት እያጠራቀመ ነው።