የ3,000 ዶላር ትርፍ ምን ይመሰክራል?

በላስ ቬጋስ ታክሲ የሚያሽከረክር አንድ ወዳጄ በቅርቡ የማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። በአራት ወራት ውስጥ ባለ 1 እና 3 ዶላር የፖከር ጠረጴዛ ላይ (በየዙሩ ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ 1 እና 3 ዶላር የሚያስይዙበት) 200 ሰዓት ተጫውቶ 3,000 ዶላር አትርፏል፤ ይዞት የገባውንና ይዞት የወጣውን ገንዘብ አንድም ሌሊት ሳይዘል መዝግቧል። ጥያቄው «አሁን ወደ ባለ 2 እና 5 ዶላር ጠረጴዛ ከፍ ልበል?» የሚል ነበር። «ገና ነው» አልኩት። ይኸው ጥያቄ የሚያብሰለስላቸው ሌሎችም ስለማይጠፉ ምክንያቴን ላስረዳ።

በካዚኖ በሰዓት 30 ያህል እጅ፣ ማለትም ዙር፣ ስለሚታደል፣ 200 ሰዓት ማለት 6,000 እጅ ብቻ ነው። የመደብ ገደብ በሌለው ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት ውጤቱ በየ100 እጁ ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ፣ በዚህ ጠረጴዛ ሂሳብ፣ 300 ዶላር ገደማ ይዋዥቃል፤ በ6,000 እጅ ደግሞ መዋዠቁ ወደ 2,300 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ በረጅም ጊዜ የማያተርፉም የማይከስሩም አሥር ሰዎች ለ200 ሰዓት ቢቀመጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ በዕድል ብቻ 3,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ቢነሣ ሊያስደንቀን አይገባም። ዘጠኙ «ከፍ ልበል ወይ?» ብለው አይጠይቁንም፤ ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ያተረፈው ነው።

ደብተሩን አብረን ስናገላብጥ፣ ከትርፉ 1,100 ዶላሩ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት የተገኘ ሆነ። በዚያ ሌሊት ወዳጄ ሁለት ኪንግ፣ ተጋጣሚው ሁለት ኤስ ይዘው፣ ሁሉም የሚጋሩት የጠረጴዛው ካርታ ከመገለጡ በፊት እያንዳንዳቸው 450 ዶላር አስይዘው ነበር፤ በመጨረሻዋ ካርታ ሦስተኛው ኪንግ ወጣ። ሁለት ኪንግ ሁለት ኤስን የሚረታው ከመቶ 18 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ወዳጄ አልተሳሳተም፤ ማንም ጠንቃቃ ተጫዋች በዚያ ቦታ ገንዘቡን ያስይዝ ነበር። ነገር ግን ያቺ ካርታ ባትመጣ ኖሮ 3,000 ዶላሩ 2,100 ይሆን ነበር፤ ችሎታውም ያው በነበረበት ይቆይ ነበር።

«እንግዲያው እስኪረጋገጥ ልጠብቅ» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። በሳምንት 10 ሰዓት የሚጫወት ሠራተኛ 40,000 እጅ ለመድረስ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፤ ያን ጊዜም ቢሆን በሰዓት 15 ዶላር አገኛለሁ የሚለው ግምት ወዲህና ወዲያ በ9 ዶላር ሊስት ይችላል። የገንዘቡ ድምር ይህን ያህል ዘግይቶ የሚናገር ከሆነ፣ መመዘን ያለበት ውሳኔው ነው፦ ደካማ እጅ ሲይዝ ጥሏል ወይ? ከተሸነፈ በኋላ ለማስመለስ ሲል መደብ ከፍ አድርጓል ወይ? የሚያተርፈውስ ከነማን ነው? ሁለት ሰካራሞች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ የተገኘ ትርፍ ወደ ላይኛው ጠረጴዛ አብሮ አይወጣም።

ካፒታሉም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. የ2000 የዓለም ፖከር ሻምፒዮን ክሪስ ፈርጉሰን ከዜሮ ተነሥቶ በኢንተርኔት 10,000 ዶላር ለማድረስ ሲሞክር፣ በአንድ ጠረጴዛ ከካፒታሉ 5 በመቶ በላይ ይዞ ላለመቀመጥ ደንብ አውጥቶ ነበር። በዚህ ደንብ ባለ 2 እና 5 ጠረጴዛ ላይ 500 ዶላር ይዞ የሚቀመጥ ሰው 10,000 ዶላር ያስፈልገዋል። ወዳጄ ያለው 4,500 ነው፤ ከዚያም ላይ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ በየወሩ ለእናቱ ይልካል። ባለ 2 እና 5 ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በሚገባ የሚጫወት ሰው እንኳ በ200 ሰዓት ውስጥ 3,000 ዶላር ሊያጣ ይችላል። ይህን የምለው ችሎታውን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ገንዘቡ ካለቀ ችሎታውን የሚያሳይበት ጊዜ ስለማይኖረው ነው።

በመጨረሻ ባለበት ጠረጴዛ እንዲቆይ ተስማማን። በደብተሩም ከገቢና ወጪው ጎን አዲስ ዓምድ አሰመረ፤ በየሌሊቱ ትልቁን መደብ ያስያዘበትን እጅና ያን ጊዜ ምን አስቦ እንደነበር ይጽፍበታል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ እጆች በሚቀጥለው ወር አብረን እናያለን።