የእናቶች ማቆያ ወይስ አምቡላንስ? በጅማ ዙሪያ ገንዘቡ የት ይዋል

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በጅማ ዞን ያሉ ወረዳዎች ለእናቶችና ለጨቅላ ሕጻናት ድንገተኛ ሕክምና የያዙትን ውስን በጀት ከአምቡላንስ አስቀድመው ለእናቶች ማቆያ ቤት ሊያውሉት ይገባል።» ማቆያ ቤት ማለት እርጉዝ ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ ምጧን የምትጠብቅበት፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ያለ ማረፊያ ነው። ደጋፊው በጅማ ከተማ የሚሠሩ የሕጻናት ሐኪም ናቸው። ተቃዋሚዋ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው።

ሐኪሙ፦

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ተወልዶ ያልተነፈሰ ሕጻን ደግሞ አየር ሊሰጠው የሚገባው በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። የትኛው አምቡላንስ ነው ለዚህ የሚደርሰው? በክረምት ወደ ቀበሌዎቹ የሚያስገባው ጥርጊያ ሲጨቀይ መኪናው ከዋናው መንገድ ዳር ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ወደ እሱ ትወርዳለች። ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በጤና ጣቢያው ግቢ ያረፈች እናት ይህ ሁሉ አያገኛትም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ የጀመረውን ሥራ ዛሬም እንደ አዲስ ሐሳብ መከራከሪያ ማድረጋችን ያሳዝነኛል። ለመሆኑ አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ከቤቷ ርቃ ብትቆይ ምን ይጎድልባታል?

አዋላጇ፦

ምን ይጎድልባታል አሉ፣ ዶክተር? ልንገርዎት። አራት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። እሷ ማቆያ ቤት ተኝታ እሱን ተቅማጥ ቢይዘው፣ ዓይኑ መሰርጎዱን ማን ያያል? ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ በማንኪያ ማን ያጠጣዋል? የእርስዎ ታካሚ እኮ ነው! ወሩ ደግሞ ኅዳር ከሆነ ቡናው ቀልቷል፤ ያልተለቀመ ቡና መሬት ይወድቃል፤ የተለቀመውም በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚያገላብጠው ይፈልጋል። የዓመቱ ገቢ እሱ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የጅማና የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች፣ በ24 የጤና አገልግሎት አካባቢዎች ሞክረውታል። ማቆያ ቤቶቹ ተሻሽለው፣ የአካባቢ መሪዎች ሠልጥነው፣ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ይህ ካልተደረገባቸው አካባቢዎች የሚለይ ጭማሪ አላሳየም። ደግሞስ ደም የሚፈሳት ማን እንደሆነች አስቀድሞ ማን ያውቃል? አብዛኞቹ ምንም የአደጋ ምልክት ያልነበረባቸው ናቸው። እኔ የምጠይቀው ነዳጅ ያለው፣ በሌሊት ሹፌሩ ስልክ የሚያነሳ፣ ለስብሰባ ሰው የማያመላልስ አምቡላንስ ነው።

ሐኪሙ፦

ሲስተር፣ የገጠር ሴትን ኑሮ እንደማያውቅ ሰው መቆጠሬ አሳዝኖኛል። በየቀኑ የማያቸው ሕጻናት የእነዚሁ እናቶች ልጆች ናቸው።

አምቡላንስ አሉ። እሺ፣ አምቡላንሱ ሲደርስ የማየውን ልናገር። እናቲቱ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጧታል፤ ማንቀጥቀጡን የሚያቆመው የማግኒዥየም ሰልፌት የመጀመሪያው መርፌ አልተሰጣትም። ሕጻኑ በረጠበ ነጠላ ተጠቅልሎ በአክስቱ እቅፍ ውስጥ አለ፤ እግሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የሪፈር ወረቀቱን እገልጣለሁ፤ «ለተሻለ ሕክምና» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። የደም ግፊቷ ስንት ነበር? ምጡ መቼ ጀመረ? ምን ተሰጣት? በስንት ሰዓት? ባዶ ነው። ሰውና መድኃኒት ያልያዘ አምቡላንስ ከሕዝብ ማመላለሻ በምን ይሻላል? አንድ አምቡላንስ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ በዚህ መልክ እናትን ወደ እኛ ለማድረስ ከሆነ እቃወማለሁ፤ ደግሜም እቃወማለሁ።

አዋላጇ፦

ያ ወረቀት የተጻፈበትን ሌሊት ልንገርዎት። አዋላጇ ብቻዋን ናት። አንድ እጇ የእናቲቱን ማኅፀን በሆዷ ላይ እያሸ ነው፤ በሌላው ጓንት የግሉኮሱን ቱቦ ይዛለች፤ ስልኩ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ተጣብቋል። ባልየው በር ላይ ቆሞ «ትተርፋለች?» ይላታል። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ደም ማቆሚያው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ማቀዝቀዣው ከቆመ መርፌው ኃይል ይኑረው አይኑረው ማረጋገጫ የላትም። ማግኒዥየሙን ጠይቀናል፤ አልመጣም። በደም የራሰውን ጓንት አውልቃ ብዕር ስታነሳ የምትጽፈው ያንን ነው።

አሁንም ምን ይጎድልባታል ላሉት መልስ አልሰጡኝም። ይልቁንስ እኔ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ማቆያ ቤቱ የሚሠራው የት ነው? በእኔው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አይደለም? ከቤቷ፣ ከልጆቿ፣ ከቡናዋ ነጥለን ያመጣናት ሴት ሁለት ሳምንት ገንፎዋን በልታ ቡናዋን ጠጥታ ምጧ ሲመጣ የምትገባው ወደዚያው ማግኒዥየም ወደሌለበት ክፍል ነው። አቅርበናት ከሞተችብን ቤተሰቧ ዳግመኛ እህቷን ይልካል?

ሐኪሙ፦

ስለ ክረምቱ መንገድ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንዲት ዓረፍተ ነገሬን ይዘው ከዚያ አልወጣም ብለዋል።

ለማንኛውም ስለ ጤና ጣቢያው ካነሱ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ የሚጠበቁት መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎቶች 7 ናቸው፤ በመርፌ የሚሰጡት የኢንፌክሽን፣ የደም ማቆሚያና የማንቀጥቀጥ መድኃኒቶች፣ የቀረ እንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት፣ በማኅፀን የቀረን ማጽዳት፣ በመሣሪያ ማዋለድ፣ ያልተነፈሰ ሕጻንን ማስተንፈስ። ኦፕሬሽንና ደም መስጠት ብቻ ነው ለሆስፒታል የሚተርፈው። ለዚያም ቢሆን ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠልጥኗል፤ ባለሙያው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመድቦ ደምና ማደንዘዣ ሰጪ ካጣ ግን እሱም «ለተሻለ ሕክምና» ብሎ ይልካታል። ስለዚህ እነዚህ 7ቱ ሳይሟሉ አዲስ መኪና አይገዛ እላለሁ። ሕጻኑን አድርቆ፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ፣ ከላይ ማልበስ ግን በጀት አይጠይቅም። የመርፌውን ሰዓት መጻፍም እንዲሁ። ይህን ከሙያ ባልደረባዬ መጠበቅ በደል አይመስለኝም።

አዋላጇ፦

አዲስ ማቆያ ቤትም አይሠራ ቢሉልኝ ደስ ባለኝ፤ እሱን አልጻፉም። ሰዓቱን እንጽፋለን። ሕጻኑንም በእናቱ ደረት ላይ አስተኝተን እንልካለን፤ ብዙዎቻችን እያደረግነው ነው።

በሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ግን ለእናንተ የተተወ ቦታ አለ፤ ሆስፒታሉ ያገኘውንና ያደረገውን ሞልቶ ለጤና ጣቢያው የሚመልስበት። ለእኔ ተሞልቶ የተመለሰ አላየሁም። የላክኋት እናት በሕይወት መኖሯን የምሰማው ባሏን ገበያ ላይ ሳገኘው ነው፤ ካላገኘሁትም አልሰማም። ማቆያ ቤቱም አምቡላንሱም በሚቀጥለው በጀት ይወሰን። ያቺን ግርጌ ግን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሞልተው ይላኩልን፤ ያቃተን ምን እንደነበረ የምናውቀው ከእሷ ነው።